የቅንጡና ፈጣን መኪኖች ሞተር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ቅንጡና ፈጣን መኪኖች ወሬ ከተነሳ ክርክሩ ዞሮ ዞሮ ሞተር ላይ ያርፋል። አንዱ ቪ12ን (12 ሲሊንደሮቹ በቪ ቅርጽ በሁለት ወገን የተደረደሩበትን ሞተር) የሚያክል የለም ይላል። ሌላው ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) መኪናን አበላሸ ይላል። ሦስተኛው ባትሪ ከገባበት ወዲህ ነገሩ ሁሉ ጣዕሙን አጥቷል ብሎ ያማርራል። እዚህ የተሰበሰቡት በእንዲህ ያለው ክርክር መሃል ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የፈረስ ጉልበት የተባለውም የአውሮፓ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ሜትሪክ መለኪያ ነው።

ሲሊንደር በበዛ ቁጥር ሞተሩ ይሻላል ማለት ነው?

አይደለም። ሲሊንደር ፒስተን የሚመላለስበትና ቤንዚን የሚቃጠልበት ክፍል ነው። መርሴዲስ-ኤኤምጂ ሲ63ን እንይ። መጀመሪያ ሲወጣ 6.2 ሊትር ቪ8 ነበረው፤ ጉልበቱም 457 ነበር። በ2022 ይፋ የሆነው ሲ63 ኤስ ግን 2.0 ሊትር፣ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ይዞ መጣ። ከኋላ የኤሌክትሪክ ሞተር ታከለበትና ድምሩ 680 የፈረስ ጉልበት ሆነ። ሲሊንደሩ በግማሽ ቀነሰ፣ ጉልበቱ በግማሽ ገደማ ጨመረ።

ታዲያ የድሮዎቹ ወዳጆቹ ለምን አኮረፉ? ሲሊንደር የሚያመጣው ጉልበት ብቻ ስላልሆነ ነው። በእነዚህ መኪኖች ሞተር ውስጥ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ሙሉ ዙር አንዴ ብቻ ይቀጣጠላል። ሁለት ዙር 720 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በየ180 ዲግሪው አንድ ግፊት ያገኛል። ባለ 8ቱ በየ90፣ ባለ 12ቱ ደግሞ በየ60 ዲግሪው ያገኛል። ቪ12 ላይ የአንዱ ሲሊንደር ግፊት ሳያልቅ የቀጣዩ ይጀምራል። መሪውን ይዛችሁ ስትቀመጡ የሚሰማችሁ ልስላሴ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ዋጋው ግን አለ። ሲሊንደር በበዛ ቁጥር የሚፋተገው ክፍል ይበዛል፣ ሞተሩ ይረዝማል፣ ይከብዳል። ካንዴላ ለመቀየር ብቻ ስንት ብር እንደሚወጣ የቪ12 ባለቤት ያውቀዋል።

የፈረስ ጉልበትና ቶርክ፤ የትኛውን ልመልከት?

ከሁለቱም በፊት አጠገባቸው የተጻፈውን የዙር ቁጥር (ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር) ተመልከቱ። የሞተሮች ጠባይ ያለው እዚያ ነው።

ቶርክ ሞተሩ ዘንጉን የሚጠመዝዝበት ኃይል ነው። የፈረስ ጉልበት ደግሞ ያ ኃይል ከዙሩ ፍጥነት ጋር ተባዝቶ የሚገኝ ውጤት ነው። ሒሳቡ አያስፈራም። ቶርኩን በኒውተን ሜትር ውሰዱ፣ በደቂቃ ዙሩ አባዙት፣ ለ9,549 አካፍሉት። መልሱ ኪሎዋት ነው። ያንን በ1.36 ስታባዙት የፈረስ ጉልበት ይሆናል።

አሁን ሁለት መኪና ጎን ለጎን እናቁም። ሮልስ-ሮይስ ፋንተም 6.75 ሊትር ቪ12 ከሁለት ቱርቦ ጋር አለው፤ ጉልበቱ 571 ነው። ፌራሪ 458 ኢታሊያ ደግሞ 4.5 ሊትር ቪ8 ያለ ቱርቦ፤ ጉልበቱ 570። በወረቀት ላይ ልዩነታቸው አንድ ፈረስ ነው!

ፋንተሙ 900 ኒውተን ሜትሩን ገና በ1,700 ዙር ላይ ያወጣል። ሒሳቡን ብንሠራ በዚያ ዝቅተኛ ዙር ላይ ብቻ 218 ገደማ የፈረስ ጉልበት አለው ማለት ነው። የ458ቱ ከፍተኛ ቶርክ 540 ነው። እሱም የሚገኘው 6,000 ዙር ላይ ነው። እናዳላለትና ይህን ሁሉ በ1,700 ዙር ያወጣል ብንል እንኳ ጉልበቱ ከ131 አያልፍም። ሙሉ 570ውን የሚያወጣው የዙር መርፌው 9,000 ሲነካ ነው።

መሐንዲሶቹ የታዘዙት የተለያየ ነገር ነበር። የፋንተም ባለቤት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያነባል። ሞተር መኖሩን እንዲያስታውስ አይፈለግም። መኪናው ሲነሳ ሞተሩ ገና እያንጎላጀ ይመስላል። የ458 ባለቤት ግን ገንዘቡን ያፈሰሰው መርፌው ወደ 9,000 ሲወጣ ለመስማት ነው። ሁለቱን በፈረስ ጉልበት ብቻ ያወዳደረ ሰው ምንም አላወዳደረም።

ቀጥ ያለ፣ ቪ፣ ቦክሰር፣ ደብልዩ፤ ቅርጹ ምን ይለውጣል?

ፒስተን ወጥቶ ይወርዳል። በየመንገዱ ጫፍ ይቆማል፣ ይመለሳል። ይህ ሁሉ መንቀጥቀጥ ይፈጥራል። የሞተር ቅርጽ ምርጫ በአብዛኛው ይህን መንቀጥቀጥ በምን ዘዴ እናጥፋው የሚል ጥያቄ ነው፤ ቀሪው ደግሞ ሞተሩ ኮፈኑ ሥር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው።

ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር ሲደረደር ፒስተኖቹ አንዱ የሌላውን መንቀጥቀጥ ያጠፋሉ። ተጨማሪ ማመጣጠኛ ዘንግ አያስፈልግም። ቢኤምደብሊው ለአሥርት ዓመታት የሙጥኝ ያለው ለዚህ ነው። መርሴዲስ በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ይህን ትቶ ወደ አጭሩ ቪ6 ሄዶ ነበር። በ2017 ግን በኤስ-ክላስ ላይ ወደ ቀጥታው ስድስት ተመለሰ። እንዲያጥር የረዳው 48 ቮልት የኤሌክትሪክ ሥርዓት ነው። ከፊት ይዞሩ የነበሩት ቀበቶዎች ቀርተው እንደ ኤር ኮንዲሽነር ያሉት ዕቃዎች በኤሌክትሪክ መሥራት ጀመሩ።

ሁለት ቀጥታ ስድስቶችን በአንድ ዘንግ ላይ ብታጋጥሙ ቪ12 ይሆናል። ልስላሴውም በውርስ ይመጣል። ቪ6 ግን ይህ ዕድል የለውም፤ በተፈጥሮው ይነቀነቃል። ፌራሪ በ296 ጂቲቢ ላይ ሁለቱን ወገኖች በ120 ዲግሪ ከፍቶ ነው ያስተካከለው። ባለ 3 ሊትሩ ሞተር ከነቱርቦው 663 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ድምፁ ከቪ12 ስለሚቀራረብ የፋብሪካው ሰዎች «ትንሹ ቪ12» ብለውታል። በግሌ ከቅርብ ጊዜ ሞተሮች ሁሉ በጣም ብልህ ሆኖ ያገኘሁት ይሄኛው ነው።

ቦክሰር ማለት ፖርሼ 911 ነው ማለት ይቻላል። ከ1963 ጀምሮ ስድስት ፒስተን ሦስት ሦስት ሆነው ፊት ለፊት ተኝተዋል። አንዱ ወደ ግራ ሲወረወር አጠገቡ ያለው ወደ ቀኝ ይወረወራል፤ ግፊታቸው ይጠፋፋል። ሞተሩ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥም መኪናው ኩርባ ላይ ያን ያህል አይጋደምም። ችግሩ ስፋቱ ነው። ካንዴላዎቹ በጎን በኩል ከታች ስለሆኑ መካኒክ ሲያማርር ትሰማላችሁ።

ደብልዩ የቮልስዋገን ግሩፕ ጨዋታ ነበር። ሁለት ጠባብ ቪ6ዎችን አጋጥሞ 12 ሲሊንደርን በጣም አጭር ቦታ ውስጥ መክተት። ቤንትሊ ከ2003 እስከ 2024 ከ100,000 በላይ እንዲህ ያለ ሞተር ሠርቷል። ቡጋቲ በዚያው ሐሳብ 16 ሲሊንደርና 4 ቱርቦ አደረገበት። ቬይሮን በ2005 በ1,001፣ ሺሮን በ2016 በ1,500 የፈረስ ጉልበት መጡ። አሁን ሁለቱም ብራንዶች ደብልዩን ትተዋል። ብልሃቱ ቦታ መቆጠብ ነበር፤ ቱርቦና ኤሌክትሪክ በትንሽ ሞተር ያንኑ ጉልበት ሲሰጡ ቦታ የመቆጠቡ ትርጉም ጠፋ።

ሁለቱም ቪ8 ሆነው አንዱ ያጓራል፣ ሌላው ይጮኻል። ለምን?

ምክንያቱ ማርሚታ ብቻ አይደለም። ኮሎዶካው ነው፤ የፒስተኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ መሽከርከር የሚቀይረው ዘንግ።

በአብዛኞቹ ቪ8 ሞተሮች ኮሎዶካው ከጫፉ ሲታይ መስቀል ይመስላል። ሞተሩ በጠቅላላው በየ90 ዲግሪው ይቀጣጠላል፤ በአንድ ወገን ያሉት አራቱ ሲሊንደሮች ግን እኩል ተራርቀው አይቀጣጠሉም። ሁለቱ ተከታትለው ይመጣሉ፣ ከዚያ ክፍተት፣ ከዚያ ሌላ። ያ የታወቀው ጉርምርምታ ከዚህ መዛባት ነው የሚወጣው። መስቀለኛው ዘንግ ለስላሳ ነው፤ ለማመጣጠን ግን ከባድ ብረት ይሸከማል። ስለዚህ ዙሩ ለመውጣትም ለመውረድም ትንሽ ይዘገያል።

ጠፍጣፋው ኮሎዶካ የፌራሪ ቪ8 ባህል ነው። የዘንጉ ቅጥያዎች (ፒስተኖቹ የሚያያዙባቸው ክፍሎች) በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ሲሊንደሮቹ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ እያሉ እኩል ይቀጣጠላሉ። ከባዱ ብረት አያስፈልግም፣ ዘንጉ ይቀልላል፣ ዙሩ ይፈተለካል። ጭሱም በሥርዓት ይወጣል። ነገር ግን ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ ደግሞ ከዙሩ ጋር እኩል አይጨምርም። ዙሩ በእጥፍ ሲያድግ እሱ አራት እጥፍ ይሆናል። ፒስተኑ ከባድና መንገዱ ረጅም ከሆነም ይብሳል። ለዚህ ነው ጠፍጣፋ ኮሎዶካ ትልልቅ ሞተሮች ላይ እምብዛም የማይታየው።

ልዩነቱን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ማየት የሚፈልግ ኤኤምጂ ጂቲን ይመልከት። ተራው ጂቲ 4.0 ሊትር ቪ8 ከመስቀለኛ ኮሎዶካ ጋር ነው። በ2020 የወጣው ብላክ ሲሪስ ሞተሩ ከዚያው ቤተሰብ ነው፤ ኮሎዶካው ግን ጠፍጣፋ ሆኖ 730 የፈረስ ጉልበት አወጣ። በየቀኑ ለሚነዳ መኪና መስቀለኛውን እመርጣለሁ። ጠዋት በትራፊክ መሃል ወንበሬ እንዲንዘፈዘፍ አልፈልግም።

ቱርቦ መኪናውን «አበላሽቷል» የሚባለው እውነት ነው?

ምን ፈልጋችሁ ነው የገዛችሁት?

ቱርቦ የሚሠራው በሚወጣው ጭስ ነው። ጭሱ በውስጡ ያለውን ትንሽ ባለ ክንፍ ጎማ ያሽከረክራል፤ እሱ ደግሞ አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደር ይገፋል። ብዙ አየር ካለ ብዙ ቤንዚን ይቃጠላል፣ ብዙ ጉልበት ይወጣል። ፌራሪ ከ458 ወደ 488 ሲሄድ ሞተሩ ከ4.5 ወደ 3.9 ሊትር ወረደ። ጉልበቱ ከ570 ወደ 670፣ ቶርኩ ከ540 ወደ 760 ኒውተን ሜትር ወጣ።

የቢኤምደብሊው ኤም5 ታሪክ ከዚህም ይበልጥ ያስተምራል። በ2005 የመጣው ኤም5 5.0 ሊትር ቪ10 ያለ ቱርቦ ነበር። 507 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ዙሩ እስከ 8,250 ይወጣል። ከፍተኛ ቶርኩ 520 ሲሆን የሚገኘውም 6,100 ዙር ላይ ነበር። በ2011 የተተካው ቪ8 ቱርቦ 680 ኒውተን ሜትር ሰጠ፤ ያውም ከ1,500 ዙር ጀምሮ። ለማለፍ ማርሽ መቀነስ ቀረ። መርገጥ ብቻ ነው። አዲሱ በሁሉም መለኪያ ይፈጥናል። ዛሬም ግን ስለ ቪ10ሩ በናፍቆት የሚያወራ ሰው አይጠፋም፤ ጉልበቱን በየመንገዱ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ደስታ ነበራ።

የቱርቦ ትልቁ ሐሜት መዘግየት ነው። ትረግጣላችሁ፣ ጭሱ ጎማውን እስኪያሽከረክረው ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ በድንገት ይመነጥቃችኋል። ይህን ለመቀነስ ብዙ ተደክሟል። አንዱ መንገድ ቱርቦዎቹን በቪው ሸለቆ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሆት ቪ ይሉታል። ጭሱ አጭር መንገድ ስለሚሄድ ቱርቦው ቶሎ ይነቃል። ቢኤምደብሊው በ2008 በኤክስ6 ላይ በቪ8 ሞተሩ አመጣው፤ ኤኤምጂ በ4.0 ሊትሩ ተከተለ። ሌላው መንገድ ቱርቦው ዘንግ ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተር መትከል ነው። ጭሱ ሳይደርስ ኤሌክትሪኩ ያሽከረክረዋል። የ2022ቱ ሲ63 ኤስም፣ በ2024 የወጣው ሃይብሪዱ (ቤንዚንና ኤሌክትሪክ ያጣመረው) 911 ጂቲኤስም እንዲህ ነው የሚሠሩት።

ፌራሪ 488 ላይ ያደረገው ግን ያስቀኛል። ቱርቦው ብዙ ቶርክ ከታች መስጠት እየቻለ ኮምፒውተሩ በዝቅተኛ ማርሾች ላይ ይከለክለዋል። ሙሉው 760 የሚለቀቀው በ7ኛ ማርሽ ብቻ ነው። ዙሩ ሲወጣ ግፊቱ እየጨመረ እንዲሄድ፣ ማለትም ቱርቦ የሌለው እንዲመስል።

ድምፅን በተመለከተ ሐሜቱ ትክክል ነው። የቱርቦው ጎማ የጭሱን ጉልበት ስለሚቀማው ድምፁም ይታፈናል። አውሮፓ ውስጥ ከ2018 ገደማ ጀምሮ የቤንዚን መኪኖች ላይ የገባው የጥላሸት ማጣሪያም ጨመረበት። ዛሬ የምትሰሙት የሞተር ድምፅ በከፊል ከስፒከር የሚመጣ ሊሆን ይችላል።

ሱፐርቻርጀርስ?

ሥራው ያው አየር መጭመቅ ነው። የሚዞረው ግን በጭስ ሳይሆን በሞተሩ ዘንግ ነው። ስለዚህ መዘግየት የለውም፤ እንደረገጣችሁ አለ። ጉዳቱ ከሞተሩ ጉልበት መብላቱ ነው። የጃጓርና የሬንጅ ሮቨር 5.0 ሊትር ቪ8 በዚህ ይታወቅ ነበር፤ አዲሱ ሬንጅ ሮቨር ግን ወደ ቢኤምደብሊው 4.4 ሊትር ባለ ሁለት ቱርቦ ዞሯል። ካዲላክ ሲቲ5-ቪ ብላክዊንግ ከቀሩት አንዱ ነው። ያውም በእጅ ማርሽ ይገኛል፤ ሊደነቅ ይገባዋል።

ከፍታ ቦታ ላይ ሞተሮቹ እኩል ይደክማሉ?

አይደክሙም። ወደ 2,400 ሜትር ስትወጡ አየሩ ከባህር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። 570 ብላችሁ የገዛችሁት መኪና 450 አካባቢ ሊሰጣችሁ ይችላል። ቱርቦው በተቃራኒው በፍጥነት ዞሮ ብዙውን ያካክሳል። የአቅሙ ጫፍ እስኪደርስ ነው እንጂ። በተራራ አገር የምትነዱ ከሆነ ይህ ነጥብ ብቻውን ምርጫውን ሊወስን ይችላል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው ጉልበቱን አይነካበትም።

ብዙዎቹ ለምን ወደ 4.0 ሊትር ቪ8 መጡ?

ሁለት ምክንያት፣ አንዱ የመሐንዲስ፣ አንዱ የነጋዴ። መሐንዲሶች አንድ ሲሊንደር 500 ሲሲ (ግማሽ ሊትር) አካባቢ ሲሆን ቃጠሎው ጥሩ ነው ይላሉ። በዚያ ስሌት አራት ሲሊንደር 2.0፣ ስድስት 3.0፣ ስምንት 4.0 ሊትር ይሆናል። አንድ ዓይነት ሲሊንደር እየደጋገሙ ቤተሰብ መሥራት ይቻላል፤ ርካሽም ነው። የነጋዴው ምክንያት ግብር ነው። ቻይና ውስጥ ከ4.0 ሊትር በላይ ያለው ሞተር 40 በመቶ የፍጆታ ታክስ ይጣልበታል። ከ3.0 እስከ 4.0 ያለው 25 በመቶ ነው። ያን የሚያክል ገበያ ይዞ ከ4.0 በላይ የሚሠራ ደፋር ጥቂት ነው፤ ባለ 4.4 ሊትሩ ቢኤምደብሊው አንዱ ነው።

ሞተር መጋራቱም ከዚህ ይመጣል። የቮልስዋገን ግሩፕ 4.0 ሊትር ባለ ሁለት ቱርቦ ቪ8 በፖርሼ ካየን፣ በአውዲ አርኤስ6፣ በቤንትሊ ኮንቲኔንታል ጂቲና በላምቦርጊኒ ኡሩስ ውስጥ ታገኙታላችሁ። አስተን ማርቲንም ከ2017ቱ ዲቢ11 ጀምሮ የኤኤምጂን ቪ8 ይጠቀማል። አስተካከሉና ድምፁ ይለያያል፤ መሠረቱ አንድ ነው። ለላምቦርጊኒ ስም የምትከፍሉት ተጨማሪ ገንዘብ በአብዛኛው ለሞተሩ አይደለም።

9,000 ዙር የሚወጣ ሞተር ለምን ብርቅ ሆነ?

በ9,000 ዙር አንድ ፒስተን በሰከንድ 300 ጊዜ ይቆማል፣ አቅጣጫ ይቀይራል። እያንዳንዱ መቆም ቢየላውን (ፒስተኑን ከኮሎዶካው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ) ይጎትተዋል። ስለዚህ የፒስተኑ መንገድ አጭር መሆን አለበት። ሌክሰስ ኤልኤፍኤ 79 ሚሊ ሜትር፣ ፌራሪ 458 81 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 4.0 ሊትሩ ፖርሼ 911 ጂቲ3 81.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስቱም 9,000 ይደርሳሉ፤ የፒስተናቸው አማካይ ፍጥነትም በሰከንድ 24 ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ፋብሪካ፣ ሦስት ዓይነት ሞተር (ቪ10፣ ቪ8፣ ቦክሰር)፣ ግን ብረቱ የሚፈቅደው ልክ አንድ ስለሆነ እዚያው ተገናኙ።

የኤልኤፍኤን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ከ2010 እስከ 2012 የተሠሩት 500 ብቻ ናቸው። ያለ ጭነት ከሥራ ፈት ዙር 9,000 ለመድረስ 0.6 ሰከንድ ይበቃዋል። ተራ የዙር መርፌ ሊከተለው ስላልቻለ ዲጂታል አደረጉለት።

ሃይብሪድ ክብደት ብቻ ነው የሚጨምረው?

ክብደቱስ እውነት ነው። የ2024ቱ ኤም5 ሃይብሪድ ሆኖ 727 የፈረስ ጉልበት አለው። የበፊቱ ኤም5 ኮምፔቲሽን 625 ነበረው። አዲሱ 500 ኪሎ ገደማ ይከብዳል። ከ0 እስከ 100 የሚወስደው 3.5 ሰከንድ ነው፤ የድሮው 3.3 ነበር። መቶ ፈረስ ተጨምሮ መኪናው ዘገየ!

ነገሩን በዚህ ብቻ መዝጋት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ቶርኩን ከዜሮ ዙር ይሰጣል። ስለዚህ የታችኛውን ዙር እሱ ይይዘዋል። የቤንዚኑ ሞተር ደግሞ ለታች መጨነቁን ትቶ ለላይኛው ዙር ብቻ ሊሠራ ይችላል። ላምቦርጊኒ ሬቩኤልቶ በዚህ ዘዴ 6.5 ሊትር ቪ12ን ያለ ቱርቦ አቆየ። ሞተሩ 825 የፈረስ ጉልበት በ9,250 ዙር ይሰጣል፤ ከሦስት ኤሌክትሪክ ሞተር ጋር 1,015 ይሆናል። ባትሪው 3.8 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ሩቅ ለመሄድ አልተሠራም። የራሱ የላምቦርጊኒ ወራካን ተተኪ ቴሜራሪዮ ደግሞ ቱርቦ እያለው 10,000 ዙር ይወጣል። ቱርቦው ሲዘገይ ክፍተቱን የሚሞላ አለዋ። የቡጋቲ ቱርቢዮንም 8.3 ሊትር ቪ16 ያለ ቱርቦ ነው፤ ከሞተር ሠሪው ኮስዎርዝ ጋር ነው የተሠራው። ከኤሌክትሪኩ ጋር 1,800 የፈረስ ጉልበት አለው።

ባትሪ ቪ12ን ይገድላል ሲባል ነበር። እስካሁን ግን ዕድሜ የጨመረለት እሱ ነው።

ሙሉ ኤሌክትሪክ ከሁሉም የሚፈጥን ከሆነ ይህ ሁሉ ለምን?

ለፍጥነት ብቻ ከሆነ ለምንም። ቴስላ ሞዴል ኤስ ፕላይድ ወይም ሉሲድ ኤር ሳፋየር መብራት ላይ ከጠቀስናቸው አብዛኞቹን ጥሎ ይሄዳል። ጠባያቸው ግን ይመሳሰላል። ሁሉም ከዜሮ ጀምሮ እኩል ይገፋሉ። ዙር መፈለግ የሚባል ነገር የለም።

ያገለገለ ልገዛ ነው። የሞተሩ ዲዛይን ምን ሊያመጣብኝ ይችላል?

እያንዳንዱ ዲዛይን የራሱ ሕመም አለው። ከፍተኛ ዙር ያላቸው ሞተሮች ቢየላና ኮሎዶካ የሚገናኙበትን ቤሪንግ ይበላሉ። የኤም5 ቪ10 በዚህ የታወቀ ነው፤ ቤሪንጉ ተቀይሯል ወይ ብላችሁ ማስረጃ ጠይቁ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የወጡት የመጀመሪያዎቹ በውሃ የሚቀዘቅዙ 911ዎች ደግሞ የመካከለኛ ዘንግ ቤሪንግ ችግር ነበረባቸው። አንዴ ከሄደ ሞተሩን ይዞ ነው የሚሄደው።

ሆት ቪ ያለባቸውን ስታዩ ሙቀትን አስቡ። ቱርቦዎቹ መሃል ላይ ስለሆኑ ዙሪያው ያለ ጎማና ፕላስቲክ ይደርቃል። የዘይትና የውሃ ቱቦዎችን ለመካኒክ አሳዩ። መኪናው ከጠፋ በኋላ ቬንትሌተሩ መሥራቱን ቢቀጥል አትደንግጡ፤ ሙቀቱን እያወጣ ነው።

ቤንዚን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጩ ሞተሮች ሌላ ነገር አለባቸው። የመግቢያ ቫልቩን ቤንዚን ስለማያጥበው ካርቦን ይጠራቀምበታል። ሥራ ፈት ላይ መንገዳገድ ካለ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። ብዙዎቹ እነዚህ ሞተሮች ከፍተኛ ኦክቴን ቤንዚን ይፈልጋሉ። ዝቅተኛ ከተቀዳ ኮምፒውተሩ ራሱን ለማዳን ጉልበት ይቀንሳል። ሞተሩ አይፈነዳም፤ የከፈላችሁበትን ፈረስ ግን አታገኙትም።

የዘይት ልክ አለካኩም ይለያያል። የዘይት ማጠራቀሚያቸው ከሞተሩ ውጭ የሆኑ ብዙ ሞተሮች ዘይታቸው የሚለካው ሞቀው እየሠሩ ሳለ ነው። ጠፍቶ በቀዘቀዘ ሞተር ለክቶ ጎደለ ብሎ የጨመረ ሰው ከልክ በላይ ሞልቶታል ማለት ነው። መመሪያውን አንብቡ።

የሙከራ መንዳት ላይ ምን ልሞክር?

ሻጩ ሁልጊዜ ከቆመበት ማስነሳት ነው የሚያሳያችሁ። እሱን ተዉት። ማርሹን በእጅ መቀየሪያው ላይ አድርጉና በ4ኛ፣ በ2,000 ዙር ላይ እየሄዳችሁ ግማሽ ያህል ብቻ ርገጡ። ቱርቦው ምን ያህል እንደሚዘገይ፣ ግፊቱ ቀስ ብሎ ነው ወይስ በድንገት የሚመጣው እዚያ ይታወቃል። ከዚያ ባዶ መንገድ ስታገኙ በ2ኛ ማርሽ እስከ ዙሩ ጫፍ ውሰዱት። ጫፉ ከመድረሱ በፊት ጉልበቱ ካለቀ ሞተሩ የተሠራው ለታችኛው ዙር ነው። እስከ መጨረሻው እየጨመረ ከሄደ ለላይኛው ነው። የቢኤምደብሊው ኤም መኪኖች ላይ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዙር መለኪያው ዙሪያ ዘይቱ ሲሞቅ አንድ በአንድ የሚጠፉ መብራቶች ነበሩ፤ ሌላ መኪና ላይ የዘይቱን ሙቀት መለኪያ ተመልከቱ። ውሃው ቶሎ ይሞቃል፣ ዘይቱ ይዘገያል። እሱ ሳይሞቅ ሁለተኛውን ሙከራ አትጀምሩ፤ ሻጩ ራሱ በቀዝቃዛ ሞተር ዙሩን ጫፍ ካደረሰላችሁ ደግሞ መኪናውን እዚያው ተዉለት።